ትራክ ውስጥ ያለው ቢፍ ጀርኪ ከእናቴ ቋንጣ በምን ይለያል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «46 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ ትራክ እነዳለሁ። በርገርና ጥብስ ድንች ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በምትኩ ጋዝ ስቴሽን ስቆም አንድ ከረጢት ቢፍ ጀርኪ እገዛለሁ። በቀን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት እጨርሳለሁ። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው። ደግሞም የኛው ቋንጣ ማለት ነው፤ አባቶቻችን እሱን ሰንቀው ዘምተዋል። ባለቤቴ ግን ‹ካንሰር ያመጣል፣ ከሲጋራ እኩል ነው› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ባለፈው የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሾፌሮች ጤና) ምርመራ የደም ግፊቴ 148 በ94 ሆኖ፣ ለመንዳት የሚያስፈልገኝን የጤና ካርድ ለአንድ ዓመት ብቻ ሰጡኝ። ሐኪሜ ኪኒን ጀምር ብሎኛል፣ እኔ ግን አልጀመርኩም። ናይትሬት የሚባለው ማቆያ የሌለውን እየመረጥኩ ብበላና ውሃ በደንብ ብጠጣስ? የ7 ዓመት ልጄም ከኔ አይታ ቀጫጭኑን ስቲክ ለምዳለች።»

ባለቤትዎ ስለ ካንሰሩ ከእውነት ብዙ አልራቁም፤ ሲጋራውን ግን ያለ ቦታው አምጥተውታል። እርስዎም ስለ ፕሮቲኑ ልክ ነዎት። ሁለታችሁም ግን ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። እሱም ራስዎ የጻፉት ቁጥር ነው፦ 148 በ94።

መጀመሪያ ከረጢቱን ገልብጠን ጀርባውን እናንብብ። እዚያ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የአንድ ሰርቪንግ፣ የአንድ ጊዜ ድርሻ ማለት ነው፣ ናቸው። አንድ ሰርቪንግ ደግሞ 28 ግራም ነው። መዳፍ አይሞላም። በዚያ ውስጥ እንደ አምራቹ ከ9 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን፣ 5 ግራም ገደማ ስኳርና 500 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ያገኛሉ። ጋዝ ስቴሽን የሚሸጠው የተለመደው ከረጢት ግን 85 ግራም አካባቢ ነው፤ ሦስት ሰርቪንግ ማለት ነው። ሲሶውን በልቶ ከረጢቱን አሽጎ የሚያስቀምጥ ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሁሉንም በሦስት ያባዙት። ፕሮቲኑ 30 ግራም ያልፋል፣ ጥሩ። ስኳሩ 15 ግራም ይሆናል፤ አራት የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሶዲየሙ 1500 ሚሊግራም ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ይመክራል። ይህ በጨው ሲተመን 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። አንዱ ከረጢት ብቻውን የቀኑን ሦስት አራተኛ ወሰደ ማለት ነው። ገና ቁርስ፣ ምሳና እራት አልተቆጠሩም። ሁለት ከረጢት የጨረሱ ቀን ደግሞ በጀርኪው ብቻ የቀኑን መጠን አንድ ተኩል እጥፍ በልተዋል።

ስለ ፕሮቲኑ አንድ ነገር ላስተካክል። ስጋ ሲደርቅ ፕሮቲን አይጨምርም። ጥሬ ቀይ ስጋ ከክብደቱ 70 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ ፕሮቲኑ በትንሽ ክብደት ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል። ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12ም እንዲሁ። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ በተለይ በስጋ ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ነው። ግን ከስጋው ጋር የታሸው ጨውም አብሮ ይቀራል፤ እሱ እንደ ውሃው አይተንም። ደግሞስ ምን ያህል ፕሮቲን ነው የሚያስፈልግዎ? 70 ኪሎ ለሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 56 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል የሚበላ፣ አንዳንዴም ጥብስ የሚቀምስ ሰው እዚያ ለመድረስ ጀርኪ አይፈልግም። ፋይበር ደግሞ በጀርኪ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሾፌሮችን ድርቀትና ኪንታሮት ሁሉም በወንበሩ ያሳብባል፤ ምግቡም እጁ አለበት።

ወደ ግፊቱ ልመለስ። ጨው ሲበዛ ሰውነት እሱን ለማቅጠን ውሃ ይይዛል። በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ኩላሊት ትርፉን ጨው ቀስ እያለ ያስወጣል እንጂ በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም። እርስዎ ደግሞ ሳይጨርስ ሌላ ከረጢት ይከፍታሉ። «ውሃ በደንብ ብጠጣስ?» ያሉት ለዚህ መልስ አይሆንም። ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፤ ጨውን ግን እንደ ሳህን አያጥበውም። ማታ ጫማዎን ሲያወልቁ የካልሲው ጠርዝ እግርዎ ላይ ጠልቆ ከታየ፣ የጠጡት ውሃ የት እንደቆየ አንዱ ምልክት ነው። በየቀኑ የሚታይ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የእግር እብጠት ሌላም ምክንያት አለው።

ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በቀን 4 ግራም ገደማ ጨው ሲቀንሱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 5 ነጥብ ያህል እንደሚወርድ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። የእርስዎ አንድ ከረጢት ውስጥ ያለው ጨው 3.8 ግራም ያህል ነው። የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው። ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት፦ ጀርኪውን ቢተዉ 148ቱ ወደ 143 ሊጠጋ ይችላል። በዲኦቲ አሠራር በአብዛኛው የሁለት ዓመት ካርድ የሚሰጠው ከ140 በ90 በታች ለሆነ ሰው ነው። ከ140 እስከ 159 ወይም ከ90 እስከ 99 ሲሆን አንድ ዓመት ነው፤ እርስዎ ያሉት እዚያ ነው። 160 ወይም 100 ሲደርስ ደግሞ የሦስት ወር ጊዜያዊ ብቻ ነው። 180 በ110 ላይ መንዳት ይቆማል። ጀርኪውን መተው ብዙ ይረዳዎታል፤ ብቻውን ግን ላያደርስዎ ይችላል። ኪኒኑን በምግብ እተካዋለሁ የሚለውን ሐሳብ ይርሱት። ሐኪሙ ጀምር ካሉ ይጀምሩ። ስጋት ካለዎት፣ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱም ይሁን ስለ ሌላ፣ ለሳቸው ይንገሯቸው እንጂ ዝም ብለው አይተዉት። ግፊት ስለማያምዎት የለም ማለት አይደለም።

አሁን ቋንጣው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ንጽጽር ከብዙ ሰው እሰማለሁና። ሐሳቡ አንድ ነው። ፍሪጅ ያልነበረው ሕዝብ ሁሉ ስጋ አድርቋል። ደቡብ አፍሪካዎች ቢልቶንግ ይሉታል። ጀርኪ የሚለው ስም ራሱ ከደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋ፣ «ቻርኪ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የደረቀ ስጋ ማለት ነው። አሠራሩ ላይ ግን ይለያያሉ። ቋንጣ ስጋው ይዘለዘላል፣ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። በቃ። የፋብሪካው ጀርኪ ደግሞ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በስኳር፣ በጢስ ማጣፈጫና ብዙ ጊዜም በሶዲየም ናይትራይት ተዘፍዝፎ በሙቀት ይደርቃል። ስኳሩ የሚገባው ለጣዕም ነው፤ ስጋውንም ለስለስ ያደርገዋል። ቋንጣ ድንጋይ ሆኖ ጀርኪ የሚታኘክበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን አበላሉ ነው። ለአምስት ሰው በሚሠራ ቋንጣ ፍርፍር ውስጥ የሚገባው ቋንጣ አንድ ሁለት እፍኝ ነው። ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከእንጀራ ጋር ይቀላቀላል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ቁራጭ ነው፤ እሷንም እየፈለገ ነው የሚያገኛት። በቤታችን ቋንጣ ምግቡን ያጣፍጣል እንጂ ምግቡ እሱ አይደለም። 85 ግራም ቋንጣ ብቻውን፣ በየቀኑ፣ መሪ ይዞ የበላ አባት አልነበረንም። ዘማቾቹም ቢሆኑ ከበሶና ከቆሎ ጋር ነው የሰነቁት፤ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው እየሄዱ ጨዉን በላብ ያወጡት ነበር። እርስዎ ተቀምጠዋል፤ የሚዘምተው ሞተሩ ነው።

ይህን ስል ቋንጣን ነጻ እያወጣሁት አይደለም። እሱም ጨው አለበት፣ በየቤቱም መጠኑ ይለያያል። አንዳንድ ቤት ምድጃ ላይ ይሰቀላል፣ ጢስ ይጠጣል። በእጅ ስለተሠራ ብቻ ጤና ነው ማለት አይቻልም።

ካንሰሩን በተመለከተ፣ ነገሩ በሰፊው የተወራው በጥቅምት 2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 22 ባለሙያዎችን አስቀምጦ ከ800 በላይ ጥናቶችን አስመረመረ። የተቀነባበረ ስጋን ምድብ 1፣ ማለትም ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ሲጋራም ያለው እዚያው ነው። ባለቤትዎ የሰሙት ይሄን ነው። ግን ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይናገርም። ሌባም ነፍሰ ገዳይም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ይባላሉ፤ ቅጣታቸው ግን ለየቅል ነው። ተቋሙ ራሱ ሲያብራራ የጠቀሰው ግምት በዓለም ላይ በዓመት 34 ሺህ ያህል የካንሰር ሞት የተቀነባበረ ስጋ ከሚበዛበት አመጋገብ ጋር፣ 1 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ከትምባሆ ጋር ይያያዛል የሚል ነው። እኩል አይደሉም።

አልራቁም ያልኩት ግን በምክንያት ነው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ስጋ መብላት የትልቁ አንጀትን ካንሰር ዕድል በ18 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው 4 ያህሉ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል። 18 ከመቶ ሲጨመርበት 5 ወደሚጠጋ ቁጥር ይሄዳል። ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል። እርስዎ የሚበሉት ግን 50 ሳይሆን 85፣ አንዳንዴም 170 ግራም ነው፣ ያውም በየቀኑ። ተቋሙ የተቀነባበረ ስጋ የሚለው ደግሞ ለጣዕም ወይም እንዲቆይ ተብሎ በጨው የታሸውን፣ እንዲብላላ የተደረገውን ወይም በጢስ የታጠነውን ሁሉ ነው። ጀርኪና ቢልቶንግ በስማቸው ተጠቅሰዋል። ቋንጣም በትርጓሜው ከዚህ ውጭ አይሆንም። ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ስጋ የሚሠራው ጀርኪም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ስጋ ስላልሆነ ብቻ ከዝርዝሩ አይወጣም።

«ናይትሬት የሌለው» የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፦ አይከፍሉበት። አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ በደቃቁ «ከሰለሪ ዱቄት በተፈጥሮ ከሚገኘው በስተቀር» የሚል ታገኛላችሁ። ሰለሪ አትክልት ነው፤ ዱቄቱ በናይትሬት የበለጸገ ነው። እሱ ወደ ናይትራይት ሲለወጥ ከፋብሪካው ናይትራይት ጋር አንድ ኬሚካል ነው፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከየት መጣህ አይባልም። ናይትራይቱ በክፋት የተጨመረም አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይከላከላል፣ ስጋውንም ቀላ ያደርገዋል። ጉዳቱ ናይትሮሳሚን ወደሚባሉ ውህዶች ሲለወጥ ነው። ይህን ለውጥ በስጋው ውስጥ ያለው ብረትም ያግዘዋል። ስለዚህ ከረጢት ቢቀይሩም ጨዉም ሥጋቱም አብሮዎት ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ግፊትዎ ከ140 በ90 በታች ወርዶ ለጥቂት ወራት እስኪረጋ ድረስ ጀርኪ ከትራኩ ይውጣ። መቀነስ አላልኩም፣ ይውጣ። ከረጢቱ ወንበሩ ላይ እያለ ሲሶውን በልቶ መተው አይቻልም። ከረጋ በኋላ ከፈለጉት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰርቪንግ፣ ትንሿን ማሸጊያ ገዝተው ይብሉ። ክንድ ላይ የሚታሠር የግፊት መለኪያ ይግዙና ጠዋት መንዳት ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ። ሰዓቱንም ቁጥሩንም ይጻፉ። ለሐኪምዎ ከቢሮው አንድ ልኬት ይልቅ ይህ ወረቀት ይጠቅማቸዋል።

በምትኩ ምን ይያዙ? እኔ ብሆን በመጀመሪያ የማስበው የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሁለቱ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ፣ ሶዲየማቸው 140 ሚሊግራም አካባቢ ነው። አብዛኛው ትራክ ትንሽ ፍሪጅ አለው፤ ከሌለ በረዶ ያለው ሳጥን ይበቃል። ቀጥሎ ቆሎ። ገብስ፣ ሽምብራና ለውዝ ያለ ጨው የተቆሉ። ያኝካሉ፣ እጅዎ ይያዛል፣ እንቅልፍም ያባርራል። ብዙ ሾፌር ጀርኪ የሚበላው ርቦት ሳይሆን አፉ ሥራ እንዲያገኝ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነም ያው ቆሎ ያገለግላል። ለውዙን ግን በእፍኝ ይቁጠሩት፤ 28 ግራሙ 160 ካሎሪ አለው። ስኳር የሌለው የግሪክ እርጎም ጥሩ ነው። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩ። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው፣ አንዳንድ የግፊት ኪኒን ከሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ከደከመ ሰው ጋር አይስማማም። ሪህ ካለብዎ ደግሞ ጀርኪም ቋንጣም ጥብስም ላይ ሁሉ ቆጠብ ይበሉ።

ቋንጣው ራሱ ከናፈቀዎ ቤት ይሥሩት። ከአገር ቤት በሻንጣ ይምጣልኝ አይበሉ፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ስጋ አያስገባም፣ ደረቅም ቢሆን። ስብ የሌለው ስጋ መርጠው በአንድ ኪሎ 10 ግራም ጨው ብቻ ይሹት። ኪሎው ደርቆ 400 ግራም ቢሆን፣ 28 ግራሙ ውስጥ የሚኖረው ሶዲየም ከ300 ሚሊግራም ትንሽ የበለጠ ነው። ከጋዝ ስቴሽኑ ያነሰ፣ ግን አሁንም ጨው ነው። ጨው ሲቀንስ የመቆየት አቅሙም ይቀንሳልና ሲደርቅ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት። በአሜሪካ የበጋ ወበቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ገመድ ወጥረው አይስቀሉ። ይሻግታል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚመክረው ስጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ነው፤ ባክቴሪያ ከደረቀ በኋላ ሙቀትን ይቋቋማልና። ከዚያ በኋላ በማድረቂያ ማሽን ወይም በኦቨን ይደርቃል። ልጅ ሳለን ከገመዱ ላይ በጥሰን የምንበላው ቋንጣ ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ አለ። ግን ያልበሰለ ስጋ ነበር፣ የኮሶ ትልም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት በደንብ ያልበሰለ ቋንጣ ለእሷ አይሰጥ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ስቲኩ ጀርኪ እንኳን አይደለም። ተፈጭቶ፣ ከስብ ጋር ተደባልቆ፣ በቀጭን ሽፋን የተሞላ ነው። 28 ግራሙ እስከ 150 ካሎሪና 13 ግራም ስብ ሊኖረው ይችላል፤ ፕሮቲኑ 6 ግራም ብቻ ነው። የሷ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ1500 ሚሊግራም ሶዲየም ባያልፍ ይመረጣል፣ 28 ግራም ስቲክ ሲሶውን ያህል ይወስድባታል። ደግሞ ጀርባውን ያንብቡት። ፊት ለፊት «ስሞክድ ስናክ ስቲክ» ብቻ የሚል ከሆነ ከከብቱ ጋር ዶሮና የአሳማ ስጋም ሊኖርበት ይችላል። አሳማ የማይገባበት ቤት ሳያውቁት አስገብተውት ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተከለከለች ታለቅሳለች፣ ይሁን። እሷ የምትፈልገው እርስዎ የሚበሉትን መብላት ነው፤ ቅዳሜ ቤት ሲገቡ ቋንጣ ፍርፍሩን ከአንድ ትሪ አብረው ይብሉ።